ከትምህርት ግብር እስከ ድጎማ፦ የትምህርት ቤት ገንዘብና የመተማ ቆላ

የትምህርት ቤት ገንዘብ በአማርኛ ሰነዶች ውስጥ ስሙን ሲለዋውጥ ኖሯል። በ1940 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 «የትምህርት ግብር» ይለዋል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሎች ከማዕከል የሚያገኙት ገንዘብ «ድጎማ» ተብሏል፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች «ጥቅል በጀት» ማለትን ለምደዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሣው፣ የስሙ ለውጥ የክርክሩንም ባሕርይ ለውጦታል የሚል ሐሳብ ነው። ማሳያዬ መተማና የምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው። ገንዘብ በሚያልፍበት ኬላ ላይ ተቀምጦ በጀት መጠየቅ ምን እንደሚመስል ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ ስፍራ አላውቅም።

መተማን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በወደቁበት ጦርነት ነው። ከዚያ በፊት ግን የታወቀች ገበያ ነበረች። ሹሞቿም በሁለት ኃይሎች መካከል ተጨንቀው፣ ለኢትዮጵያም ለግብፅም የገበሩበት ዘመን ነበር። «ቀረጡ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ በዚያች ከተማ ከትምህርት ቤት ይልቅ ዕድሜ ጠገብ ነው።

የ1940ው ግብር በገጠር መሬት ላይ የተጣለ ሲሆን፣ ገቢው በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል የታሰበ ነበር። ስሙ ዓላማውን ይናገራል። ባላገሩ «የትምህርት ከፍያለሁ፤ ትምህርት ቤቱስ?» ብሎ የሚሞግትበትን ቃል ያገኘው ከዚሁ ከስሙ ነው። ሙግቱም መሠረት ነበረው፤ ከፋዩ በገጠር፣ ትምህርት ቤቱ ግን በአብዛኛው በከተማ ነበርና። ሌላም ችግር ነበር። መሬቱ በጋሻ በተለካበት አገር ግብሩን መተመን ይቀላል። እንደ በጌምድርና ስሜን ባለው፣ ርስቱ ባልተለካበት አገር ግን ልኬት ራሱ የጠብ መነሻ ነው። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሣ፣ ከሥጋቶቹ አንዱ ርስቱ ይለካል የሚል ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን የትምህርት ቤት ገንዘብ ክርክር በመሬት ልኬት ላይ ያረፈ ነበር ማለት ይቻላል።

የፌዴራሉ ሥርዓት ሲመጣ ልኬቱ ከመሬት ወደ ሰው ዞረ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 በገቢና በወጪ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በመተማ ኬላ የሚሰበሰበው ቀረጥ ወደ ማዕከል ይሄዳል፤ የመተማ መምህር ደመወዝ ግን ከወረዳው በጀት ይከፈላል። ይህን እንደ በደል አላየውም፤ ኬላ ያላት ወረዳ ቀረጧን ብታስቀር ኬላ የሌላት ምን ትሆናለች? የሚከነክነኝ «ድጎማ» የሚለው ቃል ነው። «ደጎመ» ስንል ያለው ለጎደለበት መርዳቱን ማለታችን ነው። ስለዚህ ተቀባዩ እንደ ግብር ከፋዩ ባላገር «የከፈልኩት የት አለ?» ሊል አይችልም፤ የቀረው ጥያቄ «ስንት ነን?» የሚለው ብቻ ነው።

ይህ ጥያቄ በ2001 ዓ.ም. ፈነዳ። የ1999ኙ ቆጠራ ውጤት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ፤ አስቀድሞ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን ያህል ያነሰ ነው። የክልሉ ተወካዮች የጎደለው ሰው የት ገባ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው የክብር ብቻ አልነበረም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወስነው የድጎማ ቀመር በ1990ዎቹ ከግማሽ በላይ ክብደት የሚሰጠው ለሕዝብ ብዛት ነበር፤ በኋላ የወጪ ፍላጎትና የገቢ አቅም ሲታከልበትም የሰው ቁጥር ከሥሌቱ አልወጣም። የጎደለ ሰው ማለት የጎደለ መምህር፣ የጎደለ መማሪያ ክፍል ማለት ነው።

በቆላው ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በመደበኛ መኖሪያው ይቆጠራል፤ ደንቡ እንደዚያ ነውና እቀበለዋለሁ። ሰፋሪው ግን ሌላ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም በሦስት ዓመት ውስጥ በአራት ክልሎች 440 ሺህ አባወራዎችን ለማስፈር ያቀደ ነበር፤ በአማራ ክልል ሰፋሪዎች ከገቡባቸው ወረዳዎች መካከል መተማና ቋራ ይገኛሉ። ዕቅዱ አገር አቀፍ ነበር፤ የሰፋሪው ልጅ ለትምህርት ሲደርስ ግን የመምህሩ ደመወዝ የሚጠየቀው ወረዳው ነው። አንቀጽ 94 በውክልና የሚሠራ ሥራ ወጪ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የወካዩ ነው ይላል። ሰፈራው ውክልና ነው ወይስ የክልሉ የራሱ ሥራ? በእኔ አስተያየት አሳቡ ከላይ የመጣ ከሆነ የትምህርት ቤቱም ወጪ በከፊል ወደ ላይ መመለስ ነበረበት፤ ጥቅል በጀት ግን በባሕርዩ የማን ዕዳ ለማን እንደተከፈለ አያሳይም።

አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ ተራዘመ፤ በ2011ም እንደገና ተራዘመ። የምዕራብ ጎንደር ዞን ከቀድሞው ሰሜን ጎንደር ተለይቶ የቆመው ከ1999ኙ ቆጠራ በኋላ በመሆኑ፣ በቆጠራው መዝገብ ውስጥ በራሱ ስም የተጻፈ አንድም ገጽ የለውም።