ብርቅ ለሆነ ኮምፒውተር ሶፍትዌር የማግኘት ችግር፤ የዴቢያን ማኅበር ታሪክ ከ1993 እስከ 2025

ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ሶፍትዌር እንደ ልቡ ያገኛል ተብሎ ይታሰባል። በገበያ ላይ በብዛት የሚሸጠውን ዓይነት የያዘ ከሆነ እውነት ነው። ነገር ግን የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠቀሙበት ዓይነት የሆነ እንደሆነ፥ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከጫነ በኋላ ደብዳቤ የሚጽፍበት፥ ሥዕል የሚያይበት፥ ሒሳብ የሚሠራበት ፕሮግራም ከየት እንደሚያመጣ ይቸግረዋል። ይህ ችግር ምንጩ ለሁሉ ክፍት በሆነው በሊነክስ ዓለም እንዴት እንደ ተጀመረ፥ በምን ዘዴ እንደ ተቃለለ፥ በማንስ ውሳኔ እንደገና እንደ ከበደ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ምሳሌ አድርጌ የወሰድሁት የዴቢያንን ማኅበር ነው፤ የማኅበሩ ሰዎች ክርክራቸውን በይፋ ጽፈው ስለሚያኖሩ ለታሪክ ተማሪ እጅግ የተመቸ ነውና። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ችግሩ ከምን እንደሚመነጭ መረዳት ያስፈልጋል። ፕሮግራም ሲጻፍ ሰው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፋል፤ ይህም ምንጭ ጽሑፍ ይባላል። ፕሮሰሰሩ ግን ይህን ማንበብ ስለማይችል ኮምፓይለር የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ምንጩን ወደ ፕሮሰሰሩ ትእዛዝ ይለውጠዋል። ነገሩን በእህልና በዱቄት መስሎ መናገር ይቻላል። ምንጩ ጥሬ እህል ነው፥ ኮምፓይለሩ ወፍጮ ነው፥ ተጠቃሚው የሚቀበለው ፓኬጅ ዱቄት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ለኢንቴል ፕሮሰሰር የተፈጨውን ዱቄት የሞቶሮላው ወይም የአልፋው ፕሮሰሰር ሊቀምሰው እንኳ አይችልም። እንግዲህ ዱቄቱን ብቻ የሚሸጥ ኩባንያ ለብርቁ ኮምፒውተር ባለቤት ካልፈጨለት፥ ባለቤቱ ምንም ያህል ብልህ ቢሆን ባዶ እጁን ይቀራል። ጥሬው እህል በእጁ የገባለት ግን ቢያንስ ተስፋ አለው።

ሊነክስ ራሱ ሲወለድ ለአንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ በኦገስት 1991 ከሄልሲንኪ ሥራውን ሲያስታውቅ፥ ከኢንቴል 386 ውጪ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሊዛወር የሚችል እንዳልሆነ አብሮ ገልጾ ነበር። ይህን አስተያየት ጊዜ ፈጥኖ ሻረው። የአሚጋና የአታሪ ኮምፒውተር ባለቤቶች የሞቶሮላ 68000 ዘር ለሆነው ፕሮሰሰራቸው ሊነክስን ማዛወር ጀመሩ። በ1994 ደግሞ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ባልደረባ የነበሩት ጆን ሆል በኒው ኦርሊንስ ከቶርቫልድስ ጋር ተገናኝተው የአልፋ ኮምፒውተር በውሰት እንዲያገኝ አደረጉ። በማርች 1995 የወጣው ሊነክስ 1.2 አልፋን፥ ስፓርክንና ሚፕስን የሚያውቅ ሆነ።

ከርነሉ ቢዛወርም ገበታው ባዶ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ አልፋ ላይ ሊነክስ የጫነ ሰው ኢንተርኔት ለማየት ኔትስኬፕን ቢፈልግ፥ ኩባንያው ምንጩን የገለጠው በ1998 ስለሆነ፥ ለዲጂታል ዩኒክስ የተሠራውን ቅጂ ወስዶ በሊነክስ ላይ ማስኬድ ነበረበት። ዲጂታልም ለኢንቴል ሊነክስ የተሠሩትን ፕሮግራሞች በአልፋ ላይ እያስመሰለ የሚያስኬድ ኢኤም86 የተባለ ፕሮግራም አቅርቦ ነበር። ይህ ሁሉ የልመና ኑሮ ነው። የአዶቢ ፍላሽም ነገር በኋላ ጊዜ ተመሳሳይ ሆነ፤ ፓወርፒሲ ባለው ማኪንቶሽ ላይ ሊነክስ ለሚጠቀሙ ሰዎች ኩባንያው አላዘጋጀላቸውም፤ ግናሽ በሚባል በነጻ በተሠራ ምትክ እየተንገዳገዱ ኖሩ።

ዴቢያን በኦገስት 1993 በኢያን መርዶክ ሲመሠረት ዓላማው የተበታተኑትን ነጻ ፕሮግራሞች ሰብስቦ በሥርዓት ማደል ነበር። ለብርቅ ኮምፒውተሮች ታሪክ ትልቁ ዓመት 1998 ነው። በጁላይ የወጣው ዴቢያን 2.0 ለኢንቴልና ለሞቶሮላ 68000 ዘር (ኤም68ኬ ይሉታል) በአንድነት ታወጀ። በ1999 አልፋና ስፓርክ፥ በ2000 ፓወርፒሲና አርም ተጨመሩ፤ በጁላይ 2002 የወጣው 3.0 የፕሮሰሰሩን ዓይነት 11 አደረሰው።

ይህን ያህል ዓይነት ሊይዝ የቻለበትን ዘዴ ትንሽ ማብራራት ይገባል፤ በበኩሌ ከታሪኩ ሁሉ የሚደነቀው ክፍል ይህ ነውና። ቀድሞ የኤም68ኬ ባለቤት እያንዳንዱን ፓኬጅ በእጁ እየፈለገ ይፈጭ ነበር። ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ አንዱን ፓኬጅ ሁለት ጊዜ ይፈጩታል፥ ሌላው ፓኬጅ ግን ያለ አስታዋሽ ይቀራል። የኤም68ኬ ሠራተኞች ለዚህ መፍትሔ አድርገው አንድ መዝገብ አዘጋጁ። በመዝገቡ ላይ የትኛው ፓኬጅ እንዳልተፈጨ፥ የትኛው በማን እጅ እንዳለ፥ የትኛው እንደ ከሸፈ ይታያል። ቢልድዲ የሚባለው ፕሮግራም ሌሊትም ሆነ ቀን ከመዝገቡ ተራ እየተቀበለ ይፈጫል፥ የሥራውንም ዝርዝር ለሰው ይልካል፤ ሰውየው አንብቦ ሲፈርምበት ፓኬጁ ወደ ማከማቻው ይገባል። ሌሎቹ ዓይነቶች ሁሉ ይህንኑ ሥርዓት ወሰዱ። በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ደካማው ኮምፒውተር ለኀይለኞቹ የሥራ ሥርዓት አስተማራቸው ማለት ነው፤ ኀይለኛ ኮምፒውተር ያለው ሰው እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም።

እህሉ ሁሉ ደግሞ ለወፍጮው የተመቸ አልነበረም። ለምሳሌ 258 የሚለው ቁጥር በሁለት ባይት ሲጻፍ 1 እና 2 ይሆናል። ሞቶሮላ ከፍተኛውን ባይት ያስቀድማል፥ ኢንቴል ዝቅተኛውን። አማርኛ ከግራ፥ ዐረብኛ ከቀኝ እንደሚነበበው ዓይነት ነው። በኢንቴል ኮምፒውተር ተጽፎ በፋይል የተቀመጠው 258፥ ጥንቃቄ በሌለው ፕሮግራም በሞቶሮላ ኮምፒውተር ቢነበብ 513 ይሆናል። የአልፋ ችግር ሌላ ነበር፤ አድራሻው 64 ቢት ስለሆነ፥ በ32 ቢት ልምድ የጻፈ ሰው አድራሻውን በተራ ቁጥር ቦታ ሲያስቀምጠው ግማሹ ይቆረጣል፥ ፕሮግራሙም ይወድቃል። ስፓርክ ደግሞ ባራት ባይት ድንበር ላይ ያልተቀመጠ ባለ 32 ቢት ቁጥር ሲያጋጥመው ዝም ብሎ አያልፍም፥ ሥራውን ያቆማል። የአልፋ ሰዎች ይህን ስሕተት ከየፕሮግራሙ እየለቀሙ ለደራሲዎቹ ሲልኩ ብዙዎቹ እንደ ቅንጦት ያዩት ነበር። በ2003 ኤኤምዲ 64 ቢት የሆነውን ኦፕቴሮን ለገበያ ሲያወጣ ግን አያሌ ነጻ ፕሮግራሞች ተዘጋጅተው ተገኙ፤ የዝግጅቱም ትልቅ ድርሻ የአልፋ ሰዎች ድካም ነበር።

ይሁን እንጂ የእህሉ ብዛትና የወፍጮው ጉልበት ሊመጣጠኑ አልቻሉም። ዴቢያን 2.0 ከ1,500 በላይ ፓኬጆች ነበሩት፤ በጁን 2005 የወጣው 3.1 ወደ 15,400 ገደማ ደረሰ። በ7 ዓመት ውስጥ ዐሥር እጥፍ ማለት ነው። የኤም68ኬ ዘር የመጨረሻው ትልቅ ልጅ 68060 ግን በ1994 የወጣ፥ በ50 ሜጋኸርዝ የሚሮጥ ነበርና ተተኪ አልተሠራለትም። በዘመናዊ ኮምፒውተር በሰዓታት የሚፈጨው ፓኬጅ በእነዚህ ላይ ቀናት ይፈጅ ነበር። የጸጥታ እርማት ሲወጣ 11ዱም ዓይነት እስኪፈጭ መጠበቅ ግድ ሆነ።

በማርች 2005 የዴቢያን የእትም ኀላፊዎችና የማከማቻው ጠባቂዎች በቫንኩቨር ተሰብስበው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ከዚያ ወዲያ በይፋው እትም የሚገባው ፕሮሰሰር አዲስ ሆኖ በገበያ የሚገኝ፥ በቂ ተጠቃሚና ሠራተኛ ያለው፥ በጥቂት ኮምፒውተሮች ብቻ ሥራውን ማድረስ የሚችል ይሁን አሉ። በዚህ መለኪያ 11 ከነበሩት ዓይነቶች 4 ያህል ብቻ እንደሚቀሩ ገመቱ፤ እነዚህም አይ386፥ ፓወርፒሲ፥ አይኤ64፥ እና ሊጨመር የታሰበው ኤኤምዲ64 ነበሩ። ክርክሩ እጅግ ጋለ፤ ሐሳቡም እንዳለ በሥራ ላይ አልዋለም። ያም ሆኖ መለኪያ የማውጣቱ ልማድ ጸና፥ ኤም68ኬም በኤፕሪል 2007 ከወጣው ዴቢያን 4.0 ቀረ።

የኀላፊዎቹን ችግር መካድ አይገባም፤ 11 በቅሎ አንድ ጋሪ ሲጎትቱ ደካማዋ የምትወስነው ፍጥነት የሁሉ ፍጥነት ይሆናል። ነገር ግን ትንበያውን ከኋላ ሆኖ መመርመር ለታሪክ ተማሪ ተፈቅዷል። ይቀራሉ ከተባሉት አራቱ ውስጥ አይኤ64 በ2015፥ ፓወርፒሲ በ2017 ከይፋው እትም ወጡ፤ አይ386 በኦገስት 2025 በወጣው ዴቢያን 13 ራሱን ችሎ የሚጫን መሆኑ ቀርቶ አሮጌ ፕሮግራሞችን በ64 ቢት ኮምፒውተር ላይ ለማስኬድ ብቻ ተያዘ። በሙሉ ማዕርጉ የጸናው ኤኤምዲ64 ብቻ ነው። በአንጻሩ ሊሰናበት ታስቦ የነበረው የአርም ወገን በልጆቹ በኩል ከዋነኞቹ አንዱ ሆነ፤ የአይቢኤሙም ኤስ390 በ64 ቢቱ ተተኪው ዘለቀ። እርግጥ ነው፥ የፓወርፒሲም ዘር ባይቱን ገልብጦ በ64 ቢት መልኩ በ2015 ተመልሶ ገብቷል። ከዚህ የምረዳው፥ ሰዎቹ በ2005 የቈጠሩት በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ የነበረውን እንጂ ፕሮግራም የሚያጸዱለት ሰዎች ምን ያህል ጽኑ እንደሆኑ አለመሆኑን ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የራስበሪ ፓይ ጉዳይ ነው። በፌብሩዋሪ 2012 ለሽያጭ የቀረበው ይህ በ35 ዶላር የሚገዛ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ አርም ስድስተኛው ትውልድ ሆኖ የነጥብ ሒሳብ መሥሪያ በውስጡ ነበረው። የዴቢያን አርምኤል ይህን መሥሪያ አይጠቀምበትም፥ አርምኤችኤፍ ደግሞ ሰባተኛውን ትውልድ ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ በሁለት ወንበር መካከል ወደቀ። ጥቂት በጎ ፈቃደኞች የዴቢያንን ምንጭ እንዳለ ወስደው ለዚሁ ፕሮሰሰር እንደገና ፈጩት፤ ከ35,000 በላይ የሆኑት ፓኬጆች በጁን 2012 ተፈጽመው ራስቢያን ተብለው ታደሉ። ምንጩ ዝግ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዋጋ ኮምፒውተር የገዛው ተማሪ ፕሮግራሙን ከየት ያመጣ ነበር?

ከይፋው እትም የወጡትም ጨርሰው አልጠፉም። ኤም68ኬ፥ አልፋ፥ የኤችፒው ፓሪስክና 64 ቢቱ ስፓርክ ዴቢያን ፖርትስ በሚባለው የጎን ማከማቻ ይኖራሉ። በዚያ የሚያገኙት ሶፍትዌር ብዙ ነው፤ ነገር ግን የጸና እትም የለውም፥ ዛሬ የተጫነው ነገ ሊሰበር ይችላል፥ የጸጥታ እርማትም እንደ ይፋው በኀላፊነት አይጠበቅለትም። የኤም68ኬ ሰዎች የወፍጮውን ድካም በብልሃት ተወጡት፤ እንደ አራኒም ባሉ አስመሳዮች አማካይነት አዲሱ ኮምፒውተር አሮጌውን መስሎ እንዲፈጭላቸው አደረጉ።

ከ2021 ወዲህ ግን የጭንቁ ምክንያት ተለውጧል። በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ የፓይተን ቋንቋ ክሪፕቶግራፊ የሚባለው ፓኬጅ በ3.4 እትሙ ራስት በሚባል ቋንቋ የተጻፈ ክፍል ጨመረ። ብዙ ሌሎች ፕሮግራሞች በዚህ ፓኬጅ ላይ የቆሙ ናቸው። የራስት ኮምፓይለር ደግሞ ኤልኤልቪኤም በሚባል መሠረት ላይ የተሠራ ስለሆነ፥ ኤልኤልቪኤም ለማያውቃቸው ለአልፋ፥ ለፓሪስክ፥ ለአይኤ64 የሚሆን ትእዛዝ ሊያወጣ አልቻለም። እህሉ ሞልቷል፥ ፈጪውም ተዘጋጅቷል፥ ወፍጮው ግን የለም። የእነዚህ ኮምፒውተሮች ባለቤቶች ለተቃውሞ ሲነሡ የፓኬጁ ደራሲዎች ያለ ደመወዝ ለሠሩት ሥራ ተጨማሪ ሸክም እንዳይጫንባቸው ተከራከሩ፤ ሁለቱም ወገን የሚያሳምን ነገር ነበረው። የሊነክስ ከርነል በበኩሉ በጃንዋሪ 2024 ከወጣው 6.7 ጀምሮ አይኤ64ን ሙሉ በሙሉ አስወጣ።

የኤም68ኬ ሰዎች በዚሁ በ2021 ሌላ መንገድ መረጡ። ለፕሮሰሰራቸው የሚሆነውን ክፍል ራሳቸው ጽፈው ለኤልኤልቪኤም አቀረቡ፤ በማርች በሙከራ ደረጃ ተቀባይነት አገኘ፥ ከዚያም በኋላ የራስት ኮምፓይለር ኤም68ኬን በዝቅተኛው ማዕርግ መዘገበው።