ድምፅም ሐቅ አለው፦ ከወሎ ሐሪማዎች እስከ ቪዲዮ ጌም

 

በቆቦ፣ በሮቢት፣ በጎብዬ ያለ ወጣት ስልኩ ላይ ጌም ሲጫወት ከጀርባ የሚሰማው ዜማ ባለቤት እንዳለው ብዙም አያስብም። ጉዳዩ የሩቅ ሀገር ሰዎች ጣጣ ይመስላል። ታሪኩን ስናገላብጠው ግን ሁለት ጊዜ እኛው ደጅ ይደርሳል፤ አንዴ በቁርኣናችን፣ አንዴ በመንዙማችን።

አንድ ጌም ሠሪ የተዘጋጀ ዘፈን መጠቀም ሲፈልግ ሁለት ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንዱ ከግጥሙና ከዜማው ባለቤት፣ ሌላው ከቀረጻው ባለቤት ነው። ፈቃዱም ብዙ ጊዜ ቀን ተቆርጦለት የሚሰጥ ነው። ቀኑ ሲያልቅ ጭቅጭቁ ይጀምራል። «አለን ዌክ» የተባለው ጌም የዘፈኖቹ ፈቃድ ስላበቃ ብቻ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ከሽያጭ ወርዶ፣ ፈቃዱ ታድሶ የተመለሰው በጥቅምት 2018 ነው። «ግራንድ ቴፍት አውቶ 4» ደግሞ በወጣ በ10ኛ ዓመቱ፣ በዚያው በ2018፣ ፈቃዳቸው ያለፈባቸው ዘፈኖች ተነሥተውበታል። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ተጫዋች የሚያውቀው ዘፈን አንድ ቀን ጠፍቶ አገኘው ማለት ነው።

እስከዚህ ያለው የገንዘብና የቀን ሙግት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን እኛን ይመለከታል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የኒንቴንዶ «ዜልዳ» ጌም በአንዱ ክፍሉ ኢስላማዊ ዜማ ይዞ ወጣ። ድምፁ የተገኘው ለሙዚቃ ሠሪዎች ከሚሸጥ የድምፅ ስብስብ ነበር። በኋላ በታተሙት ቅጂዎች ዜማው በሌላ ተተካ። በ2002 ማይክሮሶፍት ያሳተመው «ካኩቶ ቾጂን» የተባለ የድብድብ ጌም የቁርኣን ድምፅ ለማጀቢያ ተጠቅሞ ተገኘ፤ ኩባንያው በተከታዩ ዓመት ከገበያ አነሳው።

ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረው የ2008ቱ ነው። ሶኒ «ሊትል ቢግ ፕላኔት» የተባለውን ጌም ሊያወጣ ቀናት ሲቀሩት፣ ከዘፈኖቹ በአንዱ ውስጥ በቁርኣን የሚገኙ ሁለት ሐረጎች እንዳሉ ተነገረው። ከሱረቱ አሊ ዒምራን 185ኛ እና ከሱረቱ አር-ረሕማን 26ኛ አያ ጋር የሚገጥሙ ናቸው። ዘፈኑ የማሊው የኮራ ተጫዋች የቱማኒ ጃባቴ ነው፤ እሱም ሙስሊም ነበር። በሀገሩ ዘፋኝ ሞትን የሚያስታውስ የቁርኣን ቃል በዜማው ውስጥ ቢያስገባ እንግዳ ነገር አይደለም። ሶኒ ግን በየሀገሩ የተበተነውን ዲስክ ሰብስቦ የጌሙን መውጫ ቀን አራዘመ።

ልብ በሉ! ሶኒ ዘፈኑን አልሰረቀም። ከአሳታሚው በሕጋዊ ፈቃድ የወሰደው ነው። ወረቀቱ ሙሉ ነበር፤ የጎደለው የቃሉን ትርጉምና ክብር የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ነው። ስለዚህ በድምፅ ላይ ያለው ጥያቄ ሁለት ነው፤ «ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ?» እና «ቃሉ እዚህ ቦታ ይገባዋል ወይ?» አንዱ ሲመለስ ሌላው የተመለሰ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። ወሎ ከጥንት የሐሪማ ሀገር ነው። በራያ አና እ.ኤ.አ. በ1882 ያለፉት ሸህ ጀማሉዲን፣ በዳና በ1903 ያለፉት ሸህ አሕመድ ቢን አደም፣ እንዲሁም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ እየጻፉ ግጥም ያወረሱን በ1936 ያለፉት ሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር የዚህ ታሪክ ሰዎች ናቸው። ስለ መንዙማ ዑለማዎች ያላቸው የብይን ልዩነት ቦታው ሌላ ነው። እዚህ የምናየው ግጥሙ እንዴት ይጓዝ እንደነበር ነው።

ደረሳው ከሐሪማ ሐሪማ ሲዞር ግጥሙን በእጁ ገልብጦ ወይም በልቡ ይዞ ይሄድ ነበር። መገልበጥ ስርቆት አልነበረም፤ ማቆየት ነበር። ብር የጠየቀም የለም። ግን «የማን ነው?» ሲባል የሸሁ ስም አብሮ ይጠራል። የክፍያው ቦታ ላይ የነበረው ስሙና ዱዓው ነው።

ካሴት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። እንደ ሸህ ሙሐመድ አወል ሐምዛ ያሉት መንዙማ አውጪዎች ድምፃቸው በየገበያው ደረሰ። ካሴት ግን በአንድ ሌሊት ይባዛል፤ ሻጩ ያተርፋል፣ ባለ ድምፁ ባዶ እጁን ይቀራል። በሀገራችን የደራሲ መብት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢጠቀስም፣ ራሱን የቻለ ሕግ የወጣው በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። የሮያሊቲ ክፍያንና የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን ያመጣው ማሻሻያ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ነው።

ከሕጉ ለኛ የሚጠቅመው ይህ ነው። የደራሲው የገንዘብ መብት በመርሕ ደረጃ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የቀረጻውና የድምፅ አውጪው መብት ግን የራሱ ነው፤ እሱም 50 ዓመት አለው። ስለዚህ ግጥሙ የመቶ ዓመት ቢሆንም ዓምና ቆቦ ላይ ያዜመው ወንድማችን ድምፅ የሱ ነው። «የድሮ መንዙማ ነው፣ ባለቤት የለውም» ማለት ግማሹን ብቻ ማየት ነው።

ዛሬ ይህ የወሬ ጉዳይ አይደለም። አንድ ሽማግሌ በመውሊድ ያሉትን በስልክ ቀድቶ የቲክቶክ ማጀቢያ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው። ነገ ጌም የሚሠራ ልጅ ከኛው ከተማ ሲነሣ ያንኑ ድምፅ ከስልኩ ያነሣዋል። በሱረቱል በቀራህ 282ኛዋ አያ ብድር እንዲጻፍ የታዘዝን ሕዝብ ነን፤ የድምፅ ፈቃድንም መጻፍ ሊከብደን አይገባም። አባቶቻችንን ስንቀዳ አስቀድመን እናስፈቅድ፤ የግጥሙን ባለቤት፣ የአዜመውን ሰው፣ ቦታውንና ቀኑን እንመዝግብ፤ ለምን እንደምንጠቀምበትም በአንድ ገጽ ላይ እናስፈርም። የቁርኣንና የአዛን ድምፅ ከሆነ ደግሞ ባለ ድምፁ ቢፈቅድም ለጨዋታ ማጀቢያ አናውለው።

የሕጉ 50 ዓመት አንድ ቀን ያልቃል። የባለቤቱን ስም የመጥራት አማና ግን የሚያልቅበት ቀን የለውም።

ወሏሁ አዕለም።