በኤሌክትሪክ የሚሄደው የወይዛዝርት መኪና

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ አሜሪካ ውስጥ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ከሦስት ዐይነት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ የእንፋሎት፣ የኤሌክትሪክ ወይም የቤንዚን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 በአገሪቱ ከተሠሩት 4,192 መኪኖች 1,681ዱ በእንፋሎት፣ 1,575ቱ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ። የቤንዚኖቹ 936 ብቻ ናቸው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመሮጥ የመጀመሪያው የሆነውም ቤልጂጋዊው ካሚል ዤናትዚ የነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነበር።

ከእነዚያ የኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል ረጅም ዕድሜ ካገኙት አንዱ ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ዊልያም አንደርሰን ሠረገላ ሲሠራ የኖረ ሰው ስለነበር፣ በ1907 ወደ መኪና ሲዞር የሠረገላ ሙያውን ይዞ ገባ። ውስጡ እንደ እልፍኝ የተሰናዳ ነው። መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ አንዳንዶቹ መስተዋቶች ጎበጥ ተደርገው የተሠሩ ሲሆን ይህ በዚያን ጊዜ ብርቅ ነበር። አሽከርካሪዋ የምትቀመጠው በኋለኛው ወንበር ላይ፣ በግራ በኩል ነው። ክብ መሪ የለም። ከጎኗ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ በረጅሙ ትመራለች፣ በአጭሩ ፍጥነቱን ትቆጣጠራለች። ከፊት ያሉት እንግዶች ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ስለሚቀመጡ መንገዱን የምታየው በእነሱ መካከል አሻግራ ነው። ጭስ የለም፣ የሞተር ጩኸትም የለም።

ገዢን ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ባትሪው ነበር። የተለመደው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ከ1911 እስከ 1916 ባለው ጊዜ ደግሞ 600 ዶላር የጨመረ ሰው የቶማስ ኤዲሰንን የኒኬልና የብረት ባትሪ ማስገጠም ይችል ነበር። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ በ1912 አንድ የቤንዚን መኪና በ650 ዶላር ይገኝ ስለነበር ጭማሪው ብቻውን አንድ መኪና ሊገዛ ምንም አልቀረውም። የኤዲሰን ባትሪ ባዶውን ቢከርም ሆነ ከልክ በላይ ቢሞላ እንደ እርሳሱ ቶሎ አይበላሽም፤ ድክመቱ ብርድ ላይ ነው። ፋብሪካው መኪናው አንዴ ተሞልቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሄድ ያስተዋውቅ ነበር። በአንድ ሙከራ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ለከተማ ግን ይበቃል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚፈልግ ሰውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ምን ያህል ይሄዳል? ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል? ቤት ቻርጅ ይደረጋል?

የዲትሮይት ባለጸጎች ቤታቸው ቻርጅ ያደርጉ ነበር። ወደ ቤት የሚገባው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ለባትሪ ስለማይሆን፣ ጋራዡ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክል መሣሪያ ይተከላል። መሣሪያው ሜርኩሪ ያለበት ትልቅ የብርጭቆ አምፖል ነው፤ ሲሠራ ሰማያዊ ብርሃን ይረጫል። ከደንበኞቹ መካከል ሌሊት በአስቸኳይ የሚጠሩ ሐኪሞች ይገኙበታል። ሌላዋ ደንበኛ የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ ፎርድ ነበረች። የቤንዚን መኪናን ለብዙኃኑ ያዳረሰው ሰው ሚስት ስትነዳው የነበረው የ1914 ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ዛሬ ሚሺጋን፣ ዲርቦርን በሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ተቀምጧል። ፎርድ ራሱ በዚያው ዓመት ከኤዲሰን ጋር ርካሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለማውጣት ሞክሮ ነበር፤ ለገበያ ሳይበቃ ቀረ።

በዚያ ጊዜ የቤንዚን መኪና ዋና ጣጣ አነሳሱ ነበር። ሞተሩ ከፊት ባለ የብረት እጀታ በጉልበት ይዞራል፤ እጀታው ድንገት ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብራል። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው ሞተሪኖ በ1912 ካዲላክ ላይ ሲገጠም ያ ጣጣ አበቃ። የቴክሳስ ነዳጅ በገፍ ወጣ፤ የፎርድ ፋብሪካም ዋጋውን በየጊዜው ቀነሰ። የኤሌክትሪክ መኪና ግን መብራት ካለበት ከተማ መራቅ አልቻለም፤ በገጠር አብዛኛው ቤት ኤሌክትሪክ አልነበረውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አምራቾቹ ራሳቸውን በራሳቸው ጎድተዋል። የአበባ ማስቀመጫ እየገጠሙ፣ በማስታወቂያ ሁሉ ወይዛዝርትን እያሳዩ መኪናውን የሴት ዕቃ አስመሰሉት፤ ብዙ ወንዶችም ሸሹት። ለመንዳት የቀለለ፣ የማይሸትና የማይጮህ መኪና ለማንኛውም ከተሜ የሚመች ሆኖ ሳለ ገበያውን ገና ከጅምሩ በግማሽ ቆረጡት። ስሕተቱ ሲገባቸው መኪናውን የቤንዚን ማስመሰል ያዙ፤ ሞተር የሌለበት ኮፈንና የውሸት ራዲያተር ሳይቀር ይገጥሙለት ነበር።

ዲትሮይት ኤሌክትሪክ በጠቅላላው 13,000 ያህል መኪኖች ሠርቷል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚሠራው በትእዛዝ ብቻ ነበር፤ ለአንዳንዶቹም አካላቸውን ከቤንዚን መኪና አምራቹ ከዊሊስ ኦቨርላንድ ይገዛ ነበር። ሥራው በ1939 ቆመ።