ማርክስ በልጆቻችን ደብተር

በጅቡቲ ስለምንኖር ኢትዮጵያውያን ሲወሳ የባቡሩና የወደቡ ነገር ሳይነሳ አይቀርም። ልጆቻችን በሊሴ የመጨረሻ ዓመታት ስለተማሩት የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርት ግን ብዙም አልተባለም። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ጥቂት ብንል አይከፋም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ነገሩ የሚጀምረው ፈረንሳይ ነው። በ1965 የትምህርት ሚኒስትር በነበሩት በክሪስቲያን ፉሼ ጊዜ የሊሴ ትምህርት በፊደል ተከፋፈለ፤ «ቤ» የተባለው ክፍል ኢኮኖሚክስንና ሶሲዮሎጂን አጣምሮ ያዘ። ጅቡቲ ያኔ በፈረንሳይ እጅ ነበረች። በ1977 ነጻ ከወጣችም በኋላ ሊሴዎቿ በፈረንሳይ ሥርዓት ቀጠሉ። «ቤ» በ1995 «ኧኤስ» ተባለ።

በአገር ቤት ማትሪክ የወሰድን ወላጆች የምናውቀው ታሪክና ጂኦግራፊ ነበር፤ ሶሲዮሎጂን የሚያገኘው ዩኒቨርሲቲ የገባ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅ «ኧኤስ ልግባ» ሲል በየቤቱ ክርክር ይነሳ ነበር። ሐኪምና መሐንዲስ የሚወጣው ከሳይንሱ ክፍል ነውና ሌላው የሰነፍ መጠጊያ ይመስለን ነበር። ለ4 ሰዓት ተቀምጦ ያንን ፈተና የሚጽፍ ልጅ ሰነፍ ከተባለ፣ ጎበዙን ማየት ነው!

ከሁሉ የባሰው የማርክስ ነገር ነበር። ብዙዎቻችን በ1977 እና በ1978 ከቀይ ሽብር ሸሽተን የመጣን ነን። የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ሥዕል በአብዮት አደባባይ ተሰቅሎ አይተናል፤ በውይይት ክበብ ተቀምጠን ያልገባንን አጨብጭበናል። ያ ጺማም ፊት ከልጅ መጽሐፍ ውስጥ ብቅ ሲል «ከዚህ አምልጠን አልነበረም እንዴ?» ብለው መጽሐፉን የዘጉ አባቶች ነበሩ። ልጆቹ ቀስ ብለው አስረዱን። እዚህ ማርክስ ይጠናል እንጂ አይዘመርለትም። ከጎኑ ዱርካይም አለ፤ የካፒታሊዝምን መንፈስ ከፕሮቴስታንት እምነት ጋር ያያያዘው ቬበርም አለ። ተማሪው አንዱን በሌላው ይሞግታል፤ ማርክስን ተቃውሞ በደንብ ካስረዳ ጥሩ ማርክ ያገኛል። በእኛ ጊዜ የተቃወመ ምን እንዳገኘ ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ዱርካይም ደግሞ እድራችን ድረስ መጣ። በ1893 ስለ ሥራ ክፍፍል ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎችን የሚያስተሳስረው አንድም መመሳሰላቸው፣ አንድም ሥራቸው ተለያይቶ እርስ በርስ መፈላለጋቸው ነው ይላል። ልጆቹ «እድር የትኛው ነው?» ብለው ያዙን። እድር የተስፋፋው በከተማ ነው፤ በአባልነት ሾፌርም፣ ነጋዴም፣ የቤት ሠራተኛም አለበት። ሐዘን ሲመጣ ግን ሁሉም እንደ አንድ መንደር ሰው ይቆማል። መልሱን እስካሁን አልተስማማንበትም። እናቶች ግን «ድንኳንና ብረት ድስት ስንቆጥር ሶሲዮሎጂ ኖሯል!» ብለው ስቀዋል።

ልብ የነካን የቡርዲዩና የፓስሮን ነው። በ1964 ባሳተሙት «ወራሾቹ» በተባለ መጽሐፍ፣ ትምህርት ቤት የሚያደላው የትምህርት ቤቱን ቋንቋና ባህል ከቤቱ ለወረሰ ልጅ መሆኑን አሳዩ። የእኛ ልጆች በቤት አማርኛ፣ በመንገድ ሶማሊኛና አፋርኛ፣ በክፍል ፈረንሳይኛ ይናገራሉ። የራሳቸውን ካርድ ለወላጅ የሚተረጉሙት እነርሱው ነበሩ። ስለዚህ ያ ምዕራፍ ስለ እነርሱ የተጻፈ መሰላቸው። አንዳንዶቹ ለምን ከጓደኞቻቸው ወደ ኋላ እንደቀሩ ያወቁት ያኔ ነው፤ እኛም ዱላና ቁጣ የማይፈታው ነገር እንዳለ ከእነርሱ ሰማን።

ፈረንሳይ ያንን የፊደል ክፍፍል ከ2021 የባካሎሬያ ፈተና ጀምሮ አስቀርታለች፤ እዚያ ተማሪው አሁን ትምህርቶቹን ራሱ ይመርጣል። በእኛ ቤት «ምን ትማር?» የሚለው ክርክር እንደቀጠለ ነው።