ጨዋ ማን ነው?

ውድ ወጣቶች፣ በሀገራችን አንድን ሰው ለማመስገን «የጨዋ ልጅ» ማለት ይበቃል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ታላቁን ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሳ፣ ተቆጥቶም ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ጨዋ ይባላል። ቃሉ ግን ከጥንት ጀምሮ ስለ ጠባይ የተነገረ አልነበረም። አመጣጡን ብንከተል ስለ ራሳችን የሚነግረን ነገር አለ።

ምሁራን «ጨዋ»ን «ፄዋ» ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር ያያይዙታል፤ ትርጉሙም ምርኮ ነው። በመካከለኛው ዘመን ጨዋ ይባሉ የነበሩት የንጉሡ ጭፍሮች ናቸው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) እነዚህን ጭፍሮች በየአውራጃው አስፍረዋቸው ነበር። ጭፍራው ከሕዝቡ ግብር እየበላ፣ የመሬት ባለመብት እየሆነ ሲሄድ ስሙም አብሮት ከፍ አለ። ውሎ አድሮ ጨዋ ማለት «ደህና ዘር ያለው» ማለት ሆነ። በመጨረሻም ከእንዲህ ያለ ዘር ይጠበቅ የነበረው መልካም ጠባይ ራሱ ጨዋነት ተባለ። እንግዲህ «እኔ የጨዋ ዘር ነኝ» ብሎ የሚኮራ ሰው፣ የሚኮራበት ቃል ከምርኮ የተነሳ መሆኑን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

በትምህርት ቤት የተማራችሁት «ጄንትል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም በተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል። ዛሬ ትርጉሙ ገር፣ ለስላሳ ነው። ሥሩ ግን «ጄንቲሊስ» የሚል የላቲን ቃል ሲሆን የአንድ ጎሣ ሰው ማለት ነበር። በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝ ሲደርስ «ከትልቅ ቤት የተወለደ» የሚል ትርጉም ያዘ፤ «ጄንትልማን»ም ከዚህ መጣ። ደግ ማለት የሆነው «ካይንድ»ም ዘመድ ከሚለው ቃላቸው ጋር አንድ ሥር አለው። እነርሱም እንደ እኛ ገርነትን የዘር ሀብት አድርገው ያዩት ነበር ማለት ነው። የሚያስገርመው ግን፣ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ አሕዛብ የሚጠሩበት «ጄንታይል»ም ከዚያው ከ«ጄንቲሊስ» የበቀለ መሆኑ ነው።

ሰውን በዘሩ መመዘን ምን እንደሚያስከትል ከእኛው ከስሜን ታሪክ እንይ። ካሳ ኃይሉን መኳንንቱ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። በዚህ ስድብ የፎከረው ደጃዝማች ወንድይራድ ተሸንፎ በተማረከ ጊዜ፣ ካሳ ያንኑ ኮሶ እንዳጠጣው ይነገራል። በ1847 ዓ.ም. ደግሞ የስሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረገ፤ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባለ። የተናቀው ነገሠ፤ ንቀትም በንቀት ተመለሰ። የመኳንንቱ ዘርም ሆነ የካሳ ሰይፍ ለባለቤቱ ገር ልብ አልሰጠውም።

ታዲያ ገር ልብ ከየት ይገኛል? ጌታ ኢየሱስ በማቴዎስ 11፥29 ራሱን የዋህ ብሎ ጠርቷል። በዚያ ያለው የግሪክ ቃል «ፕራዩስ» ነው፤ ግሪኮች ለተገራ ፈረስም ይናገሩት ነበር። በአማርኛችንም ገራም እና መግራት የአንድ ቤት ቃላት ናቸው። ከደባርቅ ጭነት ተሸክማ ወደ ተራራው የምትወጣ በቅሎ ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። ገራም በቅሎ ደካማ አይደለችም፤ ዳገቱን የምትወጣው በጉልበቷ ነው፤ ጉልበቷ ግን ልጓም ያውቃል። ዛሬ «የዋህ» ስንል ሞኝ ማለታችን ከሆነ ቃሉን አሳንሰነዋል። የዋህ ሰው መመለስ እየቻለ ምላሱን የሚገታ፣ መበቀል እየቻለ ይቅር የሚል ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያ 5 ይህን የዋህነት ከመንፈስ ፍሬ ጋር ቆጥሮታል። ፍሬ ደግሞ ያድጋል እንጂ ከአባት አይወረስም። ዮሐንስ 1፥12–13ም የእግዚአብሔር ልጆች ከደም እንዳልተወለዱ ይናገራል።

ወገኖቼ፣ በአካባቢያችን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ማራቅ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬም ጓደኛ ስንይዝ፣ ስለ ጋብቻ ስንመካከር «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይቀድመናል። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በኅብረታችን መካከል እኩል ካልተቀመጠች፣ በመዝሙራችን ያመሰገንነውን ጌታ በወንበራችን ክደነዋል። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ዳር ላይ ብቻውን የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ተመልከቱ፤ ሄዳችሁም አጠገቡ ተቀመጡ። ጨዋነት ከዚያ ይጀምራል።