ሰውን ለኀላፊነት የማብቃት ጥበብ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት

የነገሥታትን ታሪክ የጻፉት ሊቃውንት የንጉሡን ድልና ፍርድ፣ ያሠራውን ቤተ ክርስቲያንና ያቀናውን አገር በትጋት ሲመዘግቡ፣ በዚያ ንጉሥ እግር ሥር አድገው፣ ትእዛዙን ተቀብለው፣ ባጠፉ ጊዜም ታግሷቸው፣ በመጨረሻ ራሳቸውን ችለው አገር ለመግዛት የበቁትን ሰዎች ግን ከሠራዊቱ ብዛት ጋራ ደርበው በአንድ መስመር ያሳልፏቸዋል። መልካም መሪ ማን እንደ ሆነ የሚመረምር ሰው ግን ዐይኑን መጣል የሚገባው በእነዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም መሪው በሕይወት ሳለ ያደረገው ነገር የእርሱ ብልኀት ይሁን የአጋጣሚ ዕድል ለመለየት ያስቸግራል፣ ያሳደጋቸው ሰዎች እርሱ በሌለበት የሚሠሩት ሥራ ግን የአሳዳጊያቸውን ልክ ያለ ሐሰት ይመሰክራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት እንደ ተጻፈው፣ የምድያም ካህን ዮቶር አማቹን ሙሴን ሊጎበኝ በመጣ ጊዜ፣ ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ለፍርድ ተቀምጦ፣ ሕዝቡም ከጧት እስከ ማታ ተራ ሲጠብቅ ቢያገኘው፣ ይህ አሠራር ዳኛውንም ተዳኙንም የሚያደክም መሆኑን ነግሮ፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። ሙሴ ምክሩን ተቀበለ፤ ኋላም ኢያሱን በሕይወቱ ሳለ በሕዝብ ፊት እጁን ጭኖ ሾመው። ሰባክያን ይህን ታሪክ ሲተርኩ ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር ቢኖር፣ በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ የተሾመው ኢያሱ ራሱ በፈንታው ማንንም ሳያዘጋጅ መሞቱንና ወዲያው ሰው ሁሉ በፊቱ ደስ ያለውን የሚያደርግበት የመሳፍንት ዘመን መከተሉን ነው። ስለዚህ በሚገባ ያደገ ሰው ሁሉ ሌላውን ማሳደግ ያውቃል ማለት አይቻልም።

ከእኛ አገር ታሪክ ለዚህ ምርመራ ከሁሉ ይልቅ የሚመቸው የዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ምኒልክ አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ተማርከው እስከ 1857 ዓ.ም. ድረስ ከኖሩባቸው ዓመታት የሚበዙትን ያሳለፉት በመቅደላ ነው። ቴዎድሮስ ምርኮኛውን እንደ ልጅ አሳደጓቸው፣ የአብራካቸውን ክፋይ አልጣሽንም ዳሩላቸው። የጦርን አሰላለፍ፣ የመድፍን ጥቅም፣ የአንድ መንግሥትን ሐሳብ የተማሩት ከእኒሁ ቁጡ ንጉሥ አዳራሽ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም። ይሁን እንጂ ቴዎድሮስ ካሳደጓቸው ሁሉ የላቀው መሪ ከእጃቸው አምልጦ የሸሸው መሆኑ የሚያስደንቅ ነገር ነው። እኒያ ታላቅ ንጉሥ ለሰው ሥራ ይሰጣሉ፣ ሥራውን ግን አይለቁለትም ነበር፤ ሹማቸው ከእርሳቸው ፈቃድ ስንዝር ቢያልፍ እንደ ከዳተኛ ይቈጠር ነበርና፣ የጦር አዛዣቸው ፊታውራሪ ገብርዬ በእሮጌ ከወደቁ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸው በመቅደላ ሲሞቱ፣ ዓላማቸውን ተሸክሞ የሚቀጥል አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም።

ምኒልክ ከዚህ የተማሩት ምን እንደ ሆነ በቃላቸው አልነገሩንም፤ ሥራቸው ግን ይናገራል። በሸዋም ሆነ ኋላ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥታቸው፣ የመኳንንቱ ልጅና የድኻው ልጅ፣ ዘመዱና ምርኮኛው በአንድ እልፍኝ ውስጥ በአሽከርነት እየገቡ፣ እንደ ትጋታቸው ወደ አጋፋሪነት፣ ወደ በጅሮንድነት፣ ወደ ፊታውራሪነት ይወጡ ነበር። በጨቦ በተደረገው ጦርነት የተማረኩት ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ አባ መላ፣ የጦር ሚኒስትርና የዘመኑ ስመ ጥር ዳኛ ሆኑ። እንዲሁም በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ የተገኙት ባልቻ ሳፎ፣ አባ ነፍሶ፣ በዐድዋ የመድፈኛው አለቃ ለመሆን በቁ። በዘርና በትውልድ ብቻ ሰው በሚመዘንበት ዘመን ይህን ማድረግ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከእልፍኙ ይልቅ ግን ትልቁ ትምህርት ቤት ችሎቱ ነበር፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አደግድገው በግራና በቀኝ ይቆማሉ፤ ነገሩ ተነግሮ፣ ዋስ ተጠርቶ፣ ምስክር ተሰምቶ ካለቀ በኋላ፣ በግራና በቀኝ የተሰየሙት ሹማምንት ፍርዳቸውን ይሰጣሉ። ፍርዱ የሚጀመረው ከታናሹ ሹም ነው። ታናሹ የሚመስለውን ይናገራል፣ ቀጥሎ ያለው ይደግፈዋል ወይም ይነቅፈዋል፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ንጉሡ የሚናገሩት ከሁሉ በኋላ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለውን ጥበብ ብዙ ሰው እንደ ወግ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ነገር ግን ንጉሡ አስቀድመው ቢናገሩ ኖሮ ከእርሳቸው በታች ያለው ሁሉ እጅ ከመንሣት በቀር ሌላ ሥራ ባልኖረው ነበር። በሰው ፊት፣ ያውም ጌታው እየሰማ፣ የማንንም ፊት ሳያይ የራሱን ፍርድ አውጥቶ የመናገር ግዴታ ያለበት ወጣት፣ ቢሳሳት እንኳ የተሳሳተበትን ምክንያት ከእርሱ በላይ ካሉት አፍ ወዲያው ይሰማል። በቅኔ ቤትም የበሰለው ደቀ መዝሙር ጀማሪውን እያስጠና የኔታ ግን ከዳር ሆነው ማድመጣቸው ከዚሁ ጋራ የሚዛመድ ነው። ምኒልክ ሥርዓቱን አልፈጠሩትም፤ ከአባቶቻቸው የተረከቡትን በትዕግሥት ተጠቀሙበት እንጂ።

ትዕግሥታቸው ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በአክስታቸው ልጅ በራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል ሕይወት ነው። መኰንን በለጋ ዕድሜያቸው ወደ ምኒልክ ቤት ገብተው ካደጉ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት ድል ሆኖ ሐረር በተያዘች ጊዜ፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ የዚያች ከተማና የአውራጃዋ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ሐረር እንደ ሌላው አገር አልነበረችም፤ የእስልምና ሊቃውንት የከተሙባት፣ ግብጻውያን ዐሥር ዓመት ያህል የገዟት፣ የግሪክ፣ የአርመንና የፈረንሳይ ነጋዴ የሚመላለስባት የባሕር በር መዳረሻ ነበረች። ለእንዲህ ያለች ከተማ ያረጀ የጦር አለቃ መላክ ይቻል ነበር፤ ምኒልክ የላኩት ግን ሊማር የሚችለውን ሰው ነው።

በ1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋራ የውጫሌ ውል ከተፈረመ በኋላ መኰንን መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣሊያ ሄዱ። በዚያም የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር የሐረር ጉምሩክ መያዣ ሆኖ ተስማሙ፤ በመስከረም 1882 ዓ.ም. ደግሞ በናፖሊ አንድ ተጨማሪ ውል ፈረሙ። በዚህ ውል ውስጥ የሁለቱ አገሮች ወሰን በወቅቱ በእጅ ባለው ይዞታ መሠረት እንዲታረም የሚል አንቀጽ ገብቶ ነበር፤ ኢጣሊያኖች ግን አስመራን ከፊርማው ሁለት ወር ያህል ቀደም ብለው ይዘው ስለ ነበር፣ አንቀጹ ለእነርሱ የተከፈተ በር ሆነላቸው። በሌላ አዳራሽ ይህን ያህል ጥፋት የሠራ ሰው ሹመቱን፣ ምናልባትም እጁን፣ ባጣ ነበር። ምኒልክ መኰንንን ከሐረር አላነሡም። ውሉን በ1885 ዓ.ም. ራሳቸው አፈረሱ፣ ብድሩንም ከፈሉ፣ የአክስታቸውን ልጅም በዚያው ሥራ ላይ አቆዩ።

ውጤቱ በ1888 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋራ በተደረገው ጦርነት ታየ። ኅዳር 28 ቀን በአምባ አላጌ የቀደመውን ድል ያገኘውን ጦር የመሩት፣ ቀጥሎም በመቀሌ ምሽግ የተከበበውን የኢጣሊያዊውን አዛዥ የጋልያኖን ሠራዊት በድርድር አስለቅቀው ወደ ወገኑ የሸኙት ራስ መኰንን ናቸው። ከፈረንጅ ጋር መነጋገር ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ካወቀ ሰው የተሻለ ለዚህ ድርድር ማን ሊገኝ ይችል ነበር? በ1894 ዓ.ም. ለንጉሥ ኤድዋርድ ዘውድ መጫን ወደ ሎንዶን የተላኩትም እርሳቸው ናቸው። አለቃ የሾመው ሰው ከተሳሳተ በኋላ አለቃው የሚያደርገው ነገር፣ ከመሾሙ በፊት ከሚያደርገው ምርጫ የበለጠ ኀይል እንዳለው የሚያስረዳ ከዚህ የጠራ ምሳሌ በታሪካችን ለማግኘት ያስቸግራል።

እስከዚህ ድረስ ምስጋና ብቻ ነው፤ ነገር ግን ምስጋና ብቻ የሆነ ታሪክ ገድል እንጂ ምርመራ አይባልም። ምኒልክ ያሳደጓቸው ሰዎች ሁሉ እያንዳንዳቸው ከንጉሡ ጋራ በጠበቀ ገመድ የታሰሩ ሲሆኑ፣ እርስ በርሳቸው ግን የሚያስተሳስራቸው ምንም ሥርዓት አልነበረም። የጎጃሙ ከሐረሩ፣ የወሎው ከሲዳሞው የሚገናኙት በምኒልክ አዳራሽ፣ በምኒልክ ፊት፣ በምኒልክ ቃል ነበር። ለአንድ ሰው የተሰጠው ግምጃ ቤትም ሆነ ጉምሩክ የንጉሡ ሀብት ይሁን የመንግሥቱ፣ ለይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ጽሑፍ ከሚቀጥለው መንግሥት ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥቱ ገንዘብ ተለይቶ እንዲታወቅ መሆኑ በከንቱ አይደለም፤ ሕመሙን በትክክል ዐውቀውታል።

ዘጠኝ ሚኒስቴሮች የተቋቋሙት በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ነው። አፈ ንጉሥ ነሲቡ ለፍርድ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ለጦር፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ለንግድና ለውጭ ጉዳይ ተሾሙ። የተመረጡት ሰዎች መልካም ነበሩ፤ ጊዜው ግን መሽቶ ነበር። ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. በቁልቢ አርፈዋል፤ ንጉሡም ብዙ ሳይቆዩ በሕመም ተያዙ። ሚኒስትሮቹ ጌታቸው ሊጠየቁ በሚችሉበት ጊዜ እርስ በርስ መክሮ መወሰንን ስላልለመዱ፣ ጌታቸው አፋቸው ሲዘጋ እያንዳንዱ የየራሱን መጠጊያ ፈለገ። እቴጌ ጣይቱ ሥልጣኑን በእጃቸው ለማድረግ ሞከሩ፣ በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አራቋቸው። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበሩ ሞግዚት የተደረጉት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ በፈንታቸው የሚቆም ሌላ ሞግዚት አልተተካም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ሲያርፉ ሞታቸው እንኳ ለሕዝብ ሳይነገር ቀረ፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፣ በወሩ በሰገሌ ሜዳ ያ ሁሉ ወንድም በወንድሙ ላይ ተሰለፈ።

ይሁንና ፍርዱ ፍጹም አይሁን። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አገሪቱ ያልተበታተነችው፣ የጎረቤት ቅኝ ገዥዎችም ያሰቡትን ያልፈጸሙት፣ በአብዛኛው እንደ ሀብተ ጊዮርጊስ ያሉ የምኒልክ ልጆች መሐል ቆመው ሚዛኑን ስለ ጠበቁ ነው። እኒህ ሽማግሌ በ1919 ዓ.ም. ሲሞቱ ጦራቸውና ርስታቸው ከኢያሱ መውረድ በኋላ አልጋ ወራሽ በሆኑት በተፈሪ እጅ ገባ፤ ደጃዝማች ባልቻም በ1920 ዓ.ም. ብዙ ሠራዊት ይዘው አዲስ አበባ ደርሰው ጦራቸው ተለይቷቸው ሥልጣናቸውን አጡ። እያንዳንዳቸው ጠንካራ ምሰሶ ነበሩ፣ ምሰሶዎቹን የሚያያይዝ ማገር ግን አልነበረም።

ስለዚህ የዚህ ጸሓፊ ፍርድ ይህ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሰውን በማብቃት ከቀደሟቸው ነገሥታት ሁሉ የሚበልጡ ሲሆን፣ ያበቋቸውን ሰዎች ያለ እርሳቸው አብረው እንዲሠሩ በማለማመድ ረገድ ዘግይተዋል። የሚኒስትሮቹ ሹመት መምጣት የነበረበት ንጉሡ ጤነኛ፣ መኰንንም በሕይወት ሳሉ፣ ከዐድዋ ድል በኋላ ወዲያው ነበር፤ የመጣው ግን ከዐሥራ አንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።