«ጠቅላላ እውቀት»ን ማን ይወስነዋል? የመንግሥት ሥራ ፈተና ታሪክ ከለንደን እስከ ዴልሂ



ከምረቃ በፊት ባሉት ወራት ተማሪዎች ደጋግመው ከሚያነሡልኝ ጥያቄዎች አንዱ፣ «ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈተና የትኛውን የጠቅላላ እውቀት መጽሐፍ ላንብብ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ከጀርባው የቤተሰብ ተስፋና የዓመታት ድካም አለ። የታሪክ መምህር እንደመሆኔ ግን ከመልሱ በፊት ሌላ ጥያቄ ይቀድምብኛል፦ ሥራ ፈላጊ ሊያውቀው የሚገባውን «ጠቅላላ» እውቀት የወሰነው ማን ነው? አበው «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉና ከሥሩ እንጀምር።

ሹመትን በፈተና መስጠት የአውሮፓ ፈጠራ አይደለም። በቻይና ሥርዓቱ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተፈታኙ ስም ይሸፈን ነበር፤ አራሚው የእጅ ጽሑፉን እንዳይለይም ጸሐፊዎች መልሱን እንደገና ይገለብጡት ነበር። ዛሬ በመልስ ወረቀት ላይ ከስም ይልቅ ቁጥር ስንጽፍ የዚያን ጥንቃቄ ዓላማ እንጋራለን። አራሚው የማንን ልጅ እንደሚያርም እንዳያውቅ ማድረግ የፈተና ትልቁ በጎ ሥራ ነው።

በብሪታንያ ግን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የሕንድ አስተዳደር ሹመት የሚገኘው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ዳይሬክተሮችን በማወቅ ነበር። ዳይሬክተሩ ወጣቱን ይጠቁማል፤ ወጣቱም ሄይልበሪ በሚገኘው የኩባንያው ኮሌጅ ተምሮ ወደ ሕንድ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1853 የወጣው ሕግ ይህን በር ዘግቶ ሹመቱን ለውድድር ከፈተው። በቶማስ ማኮሌይ የሚመራው ኮሚቴ በ1854 የፈተናውን ዕቅድ አቀረበ፤ የመጀመሪያው ፈተናም በ1855 ለንደን ላይ ተሰጠ።

የኮሚቴው የነጥብ ድልድል ራሱን የቻለ የታሪክ ሰነድ ነው። ከጠቅላላው 6,875 ነጥብ ለእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ 1,500፣ ለሒሳብ 1,000፣ ለግሪክና ለላቲን ለእያንዳንዳቸው 750 ተመደበ። ለሳንስክሪትና ለዐረብኛ የተሰጠው ለእያንዳንዳቸው 375 ብቻ ነበር። ሕንድን ለማስተዳደር ለሚወዳደር ሰው ላቲን የሳንስክሪትን እጥፍ ያስገኝ ነበር ማለት ነው። የኮሚቴው ሐሳብ፣ በወጣትነቱ አንድን ትምህርት በጥልቀት የተማረ አእምሮ ሌላውን ሁሉ ይማራል የሚል ነበር። ጥልቀት የሌለው የቃረመ እውቀት ነጥብ እንዳያገኝም አስጠንቅቆ ነበር። ነገር ግን «የተማረ ሰው» ብሎ የለካው በኦክስፎርድና በካምብሪጅ መስፈሪያ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ተከተሉ። አንደኛው፣ ፈተናው በተከፈተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለፈተናው ብቻ የሚያሠለጥኑ ግለሰቦች ለንደን ውስጥ ገበያ አገኙ፤ ከእነርሱም ዋልተር ሬን እጅግ የታወቀ ነበር። ኮሚቴው ሊያስቀረው የፈለገው ሽምደዳ በኮሚቴው ፈተና ዙሪያ ዳስ ተከለ። ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። በሕግ ደረጃ በሩ ለሕንዳውያንም ክፍት ነበር፤ ፈተናው ግን በለንደን ይሰጥ ስለነበር ወጣቱ ባሕር መሻገር ነበረበት። ሳትየንድራናት ታጎር በ1863 ሲያልፍ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሆነ። ሌሎችም ተከተሉ። የዕድሜ ጣሪያው ግን ከ23 ወደ 22፣ ከዚያም ወደ 21 ወረደ፤ በ1878 ደግሞ 19 ሆነ። በ19 ዓመቱ በባዕድ ቋንቋና በባዕድ አገር ከእንግሊዝ ልጆች ጋር የሚወዳደር ሕንዳዊ ምን ያህል ዕድል ይኖረዋል? ሱሬንድራናት ባነርጂ ይህን ጉዳይ ይዞ ሕንድን ዞረ፤ የፈተና ደንብም የብሔራዊ ንቅናቄ መነሻ ከሆኑት ጥያቄዎች አንዱ ሆነ። ፈተናው በሕንድ ምድርም መሰጠት የጀመረው በ1922 ነው።

ነጻነት ሲመጣ ሕንድ ፈተናውን አልጣለችም፤ ይዘቱን ለወጠች። ዛሬ የመጀመሪያው ዙር ዋና ወረቀት 100 ጥያቄዎች አሉት፤ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሕገ መንግሥት፣ ኢኮኖሚ፣ ሳይንስና ወቅታዊ ጉዳይ ይጠየቁበታል። የተሳሳተ መልስ የጥያቄውን ነጥብ ሲሶ ያስቀንሳል። በዋናው ፈተና ከ2013 ወዲህ ከ1,750 ነጥብ 1,000ው የአጠቃላይ ጥናት ነው፤ ተፈታኙ መርጦ በጥልቀት ለሚያጠናው ትምህርት የቀረው 500 ነው። የማኮሌይ ሚዛን ተገለበጠ ማለት ይቻላል፤ ጥልቀት ለስፋት ቦታ ለቀቀ። ይህ ለውጥ ፍትሐዊ ዓላማ አለው፤ የገበሬም ሆነ የዳኛ ልጅ በአንድ ዝርዝር ይፈተናል። ይሁንና ዝርዝሩ በሰፋ ቁጥር አሳጥሮ የሚሸጠው ይበዛል። በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ገደማ አመልካቾች ሲኖሩ የሚመረጡት 1,000 ገደማ ናቸው። በዴልሂ ኦልድ ራጂንደር ናጋርና ሙከርጂ ናጋር የተባሉት ሰፈሮች የሚኖሩት በእነዚህ ወጣቶች ኪራይና ክፍያ ነው። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. በኦልድ ራጂንደር ናጋር የአንድ ማሠልጠኛ ምድር ቤት በጎርፍ ሲሞላ፣ በዚያ በነበረው ቤተ መጻሕፍት ሦስት ተማሪዎች ሞቱ። የፈተናን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ነጥብ ብቻ ሳይሆን ይህንንም መቁጠር አለበት።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በ1954 ዓ.ም. በትእዛዝ ሲቋቋም፣ ችሎታ ከዝምድና ይቅደም የሚለው ሐሳብ ሕጋዊ መሠረት አገኘ። የእኛ መንገድ የሕንድ አይደለም፤ ፈተናውም በአመዛኙ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰጥ ነው። ጥያቄው ግን ይጋራናል። ስም የማያይ ፈተና ከዘመድ አዝማድ ያድነናል፤ ይህን ልናቃልለው አይገባም። ሆኖም የሚጠየቀው ነገር ከሥራው ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው፣ ለዝግጅቱም ማን ከኪሱ እንደሚከፍል ካልጠየቅን፣ አድልዎ በዋናው በር ተባሮ በጓሮ ይመለሳል።

ውድ ተማሪዎች፣ ለፈተናው ተዘጋጁ፤ የዋና ከተሞችንም ስም አጥኑ። ነገር ግን አንድ ዓመተ ምሕረት በሸመደዳችሁ ቁጥር «ለምን ይህ ተጠየቀ? ያልተጠየቀውስ ምንድን ነው?» በሉ። ከእናንተ መካከል ነገ ጥያቄ አውጪ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ይኖራሉ። የሚቀጥለውን ዝርዝር የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፤ የሚያጎድላችሁን ሰው አስባችሁ ጻፉት።